የወንድሜ መርማሪ

ወንድሜ መጽሐፍ ጻፈ። ይቺን አጭር ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ስንት ጊዜ እስክሪብቶዬን እንዳስቀመጥኩ አላህ ነው የሚያውቀው። ዕድሜዬን ሙሉ ጅማ ውስጥ አማርኛ ያስተማርኩት እኔ። የሰው ልጅ ድርሰት ሳርም ዓይኔ የደከመው እኔ። በየክረምቱ ልብ ወለድ ጀምሬ ትምህርት ሲከፈት የማቋርጠው እኔ። የጻፈው ግን እሱ። ማን እሱ? ስለ ክረምት ዕረፍትህ አንድ ገጽ ጻፍ ሲባል ላብ የሚያጠምቀው፣ "በእናትሽ ጻፊልኝ" እያለ ቀሚሴን የሚጎትተው ልጅ!

አድጎ ፖሊስ ሆነ፤ ቆይቶም መርማሪ ሆነ። ከአንዱ ወረዳ ወደ ሌላው ሲዛወር ኖሮ በመጨረሻ ሰኮሩ ተቀመጠ። የምርመራ ሪፖርት ሲጽፍ ሲጽፍ እጁ ተፍታታ ይላሉ። እኔ እንጃ። እኔም ስንት ዓመት ሙሉ የትምህርት ዕቅድ ስጽፍ ኖሬያለሁ፣ የተፍታታልኝ ነገር የለም።

መጽሐፉ የተመረቀ ሰሞን ጅማ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ላይ ፊቱን በትልቅ ሸራ አሳትመው ሰቀሉት። ከትምህርት ቤት ስመለስ ባጃጁ በእሱ ስር ነው የሚያልፈው፤ ጠዋትም ማታም ከላይ ሆኖ ቁልቁል ያየኛል። የምረቃው ዕለት አዳራሹ ከመሙላቱ የተነሳ ሰው ቆሞ ነበር። እኔ ከፊት ወንበር ተቀምጬ ጥርሴን አሳየሁ፤ አጨበጨብኩ። ሆዴ ግን እርር እያለ ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ እየመጡ "እንኳን ደስ ያለሽ! ለካ ተሰጥኦው የቤተሰብ ነው" አሉኝ። የቤተሰብ! የእኔን መች አያችሁና? ከዚያን ቀን ወዲህ ስሜም ተረሳ፤ የደራሲው እህት ሆኜ ቀረሁ።

"ላንቺ ፈርሜ አስቀምጬልሻለሁ" ብሎኝ ነበር። አመሰግናለሁ ላለማለት ስል ከመጽሐፍ አዟሪ ገዛሁት። ቅዳሜ ከሰዓት ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ሶፋዬ ላይ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች፣ አልሀምዱሊላህ፣ በስህተት የተሞሉ ናቸው። ነጥቡን የጣለ ዓረፍተ ነገር፣ በአንድ ገጽ ላይ አራት ቦታ የገባ "ድንገት"። ደስ እያለኝ አሰመርኩ። ከዚያ ግን ታሪኩ ያዘኝ። እስክሪብቶው ከእጄ አምልጦ ሶፋው ስር ሲገባ እንኳ አላወቅኩም። ያበገነኝም ይኼው ነው፤ መጥፎ መጽሐፍ ቢሆን ኖሮ እንዴት በወደድኩት!

ታሪኩ እንዲህ ነው። ስሟ ባልተጠቀሰ የቡና ከተማ የሚሠራ አንድ መርማሪ አለ። የሰው ጓዳ ሲበረብር ኖሮ የራሱን ቤት ጓዳ አያውቅም። አንድ ቀን ያሳደገው አባቱ በወጣትነቱ ሰው መግደሉን ይደርስበታል። ጊዜው የቡና ለቀማ ነው፤ ማለዳ ነው፤ ጭጋግ ነው። ሰውየው ቡናውን ከዝንጀሮ ሲጠብቅ ቅጠል ሲንቀሳቀስ አይቶ ተኮሰ። የወደቀው ጎረቤቱ ነበር። "ዝንጀሮ መስሎኝ ነው" አለ። መርማሪው ግን አላርፍ ይላል፤ እውነት መስሎት ነው? መጽሐፉ እስከ መጨረሻው የሚሮጠው ይህን ጥያቄ ተሸክሞ ነው።

ያ ገዳይ ሽማግሌ ደግሞ አባቴ ነው። ስም አይስጠው እንጂ አባ ነው። መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ የሚወለውል፣ ሬዲዮ ሲያዳምጥ መዳፉን ከጆሮው ጀርባ የሚያደርግ፣ የራሱ ቡና እያለው በለቀማ ወራት ጫካ የማይገባ። እኛ ወገቡን ስለሚያመው ነበር የሚመስለን። አባ፣ አላህ ጀነት ያግባውና፣ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነበር። እሱን ነው እንግዲህ ነፍሰ ገዳይ አድርጎ ለሀገር ያስነበበው። ደሜ ፈላ።

እውነቱን ከተናገርኩ ግን ከአባ ይልቅ ያንገበገበኝ የእማ ነገር ነው። በመጽሐፉ ውስጥ አሮጊቷ እናት ከመርማሪው ጋር ቁጭ ብላ ታወራለች። አዲስ ሙሽራ ሳለች አማቷን ፈርታ ጓሮ እየወጣች ታለቅስ እንደነበር ትነግረዋለች። አንድ ጊዜ ባሏን ጥላ ወደ ወላጆቿ ቤት እንደኮበለለች፣ አባቷ ደግሞ እጇን ይዘው እንደመለሷት። ቡና ስታሰጣ ታንጎራጉር እንደነበር። እማ ታንጎራጉር ነበር? እኔ የማውቃት እማ ቁጡ ናት፤ ድምጿ የሚሰማው ሰው ስትጠራና ሰው ስትቆጣ ነው። ከእሷ ቤት እኔ ቤት ባጃጅ ሳይሞቀው የሚደርስበት መንገድ ነው። ዓይን ሐኪም ጋ የምወስዳት እኔ፣ ፀጉሯን የማበጥርላት እኔ፣ ጥፍሯን የምቆርጥላት እኔ። እሱ ለኢድ ስኳርና ዘይት ተሸክሞ ብቅ ሲል ግን ፊቷ ቦግ ብሎ ይበራል። በልጅነታችንም ስንጣላ የምትመታው እኔን ነበር። በአንድ ዓመት ከምናምን ስለምበልጠው "አንቺ ትልቅ ነሽ" ትለኛለች፣ አለቀ። እና ይህን ሁሉ ለእሱ አወራችው!

በማግስቱ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር፣ እማ ቤት ሄድኩ። መጽሐፉ በሻርፕ ተጠቅልሎ ቁምሳጥኑ ላይ ተቀምጧል። እማ ማንበብ አትችልም፤ የጎረቤት ልጅ ከሰዓት ከሰዓት እየመጣች ታነብላታለች አሉ። መምህሯ ልጇ እኔ ቁጭ ብዬ!

"እማ፣ ከአባ ኮብልለሽ ታውቂያለሽ?" አልኳት፣ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ።

"ማነው ያለሽ?"

"ያንቺ ደራሲ።"

"እንግዲህ እሱ ካለሽ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?"

"ለእሱ ነግረሽ ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም? እኔ ልጅሽ አይደለሁም?"

"ማሎ፣ ኢንተላ ኮ፣ እባክሽ ልጄ፣ ራሴን አታዙሪው።"

"አባን እኮ ገዳይ ብሎታል! እዚያ ገጽ ላይ አልደረሰችልሽም?"

እማ እጇን ከጉልበቷ አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ "የዙሁር ሶላት ደርሷል፣ ውዱእ ላድርግ" ብላ ተነሳች። ዙሁር ገና ነበር።

ማታ ለባለቤቴ ስነግረው ከሳህኑ ቀና ሳይል "ቀንተሻል" አለኝ።

"እኔ? በእሱ?"

"አንቺ። በእሱ።"

ሳህኑን ከፊቱ አንስቼ ወጥ ቤት ገባሁ። ቅናት አይደለም፣ የአባት ክብር ነው አልኩ። ሳምንቱን ሙሉ ይህንኑ ለራሴ ስነግረው ሰነበትኩና ሚኒባስ ተሳፍሬ ሰርቦ ሄድኩ። ሰርቦ የአባ ሀገር ነው። እኛን ሕፃናት ሳለን ይዞን ጅማ ከገባ ወዲህ ለለቅሶና ለሠርግ ካልሆነ አይሄድባትም ነበር። ሐሳቤ ቀላል ነው፤ የአባ ዘመዶች የሆኑት ሽማግሌዎች ወንድሜን ይጠሩታል፣ ይገስጹታል፣ ይቅርታ ይላል። በተለይ እኔ ፊት ይላል።

የዘመዶቻችን ሁሉ ትልቅ የአባ የአጎት ልጅ የሆኑት ሀጂ ናቸው። ደጃቸው ላይ በርጩማ አውጥተው የተሰጣ ቡናቸውን ዶሮ እንዳይጭረው ይጠብቃሉ።

"ሀጂ፣ ክስ አለኝ" አልኳቸው ሰላምታው እንዳለቀ።

"አንቺ ደግሞ መች ያለ ክስ መጥተሽ ታውቂያለሽ" አሉ እየሳቁ። "ማን ነካሽ?"

"ወንድሜ። አባቴን ሰው ገደለ ብሎ አወራ።"

ሳቃቸው ጠፋ። የተስቢህ ፍሬ የሚቆጥረው ጣታቸውም ቆመ።

"እሱ ነው ያነሳው? ራሱ?"

"ራሱ!"

"በአፉ?"

"በመጽሐፍ ነው እንጂ ሀጂ! ሀገር እያነበበው ነው።"

"ላ ኢላሃ ኢለላህ" አሉና ሰው ልከው ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች አስጠሩ። ሦስቱ ራቅ ብለው በኦሮምኛ ተንሾካሾኩ። እኔ ደረቴን ነፍቼ ተቀምጫለሁ። ጎሽ፣ አንድ እንኳ ነገሬን ከቁም ነገር የሚቆጥር ሰው ተገኘ፤ እንደ ባሌ "ቀንተሻል" የሚል የለም።

ሀጂ ተመልሰው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። "ልጄ፣ ያ ደም እኮ ጉማ ወጥቶበታል" አሉኝ።

ጉማ ምን እንደሆነ በእኛ አገር ልጅም ያውቃል። ሰው ሲገደል ሽማግሌ ይገባል፤ ካሣ ይቆረጣል፤ በግ ይታረዳል፤ የገዳይና የሟች ወገን ከአንድ ገበታ በልተው ይማማላሉ። ከዚያ በኋላ ያንን ደም በአፉ ያነሳ ሰው መሐላውን አፈረሰ ማለት ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ጉማው አይደለም፤ "ያ ደም" ማለታቸው ነው።

"ሀጂ፣ አባ እውነት ሰው ገድሏል?"

"በጭጋግ ነው። በስህተት ነው። የአላህ ውሳኔ ነው።"

"እኔ እኮ የፈጠራ ወሬ ነው ብዬ ነው የከሰስኩት።"

"የገደለው አባትሽ ነው" አሉ ሀጂ ቀስ ብለው። "የሟቹ ልጅ ደግሞ ወንድምሽ ነው።"

አንደኛው ሽማግሌ ፊቴን አይተው "ሂን ቤክቱ" አሉ፤ አታውቅም ማለታቸው ነው። ሀጂ ዓይናቸውን መሬት መሬት እያደረጉ ጨረሱልኝ። የሟቹ ሚስት እርጉዝ ነበረች። ባሏ ከተቀበረ በኋላ ወለደች፤ እሷም በአራስ ቤቷ ሞተች። ጉማው ሲፈጸም ሽማግሌዎቹ፣ ሕፃኑ አባቱን ያሳጣው ቤት አባት ይሁነው ብለው ፈረዱ። እናቴ አጠባችው። ልጁን ባዳ የሚለው ሰው እንዳይኖር ሁለቱም ወገኖች ማሉ። በዚህ ምክንያት ነው አባ እኛን ይዞ ወሬው ወደማይደርስበት ጅማ የገባው።

"አሁን የሟች ልጅ ራሱ ደሙን ካነሳ ቃሉ ፈርሷል" አሉ ሀጂ። "ጡቱ ጡት ነው፤ የጡት ዝምድናውን አላህ ያጸናው ነው፣ እኛ አንነካውም። ቤቱ ግን የቆመው በእኛ ቃል ነው። ወደ አባቱ ወገኖች ይመለሳል። የእናትሽን ደጅ እንደ ልጅ አይረግጥም። የሞተች ቀንም ቀብሯ ላይ እንደ ልጅ አይቆምም። ከሳሿ አንቺ ነሽ፤ ጁምዓ ከሶላት በኋላ እንቀመጣለን።"

ወደ ጅማ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ የተሰማኝን ልደብቅ አልፈልግም። መጀመሪያ የመጣው ሐዘን አልነበረም፤ ደስታ ነው። ለካ የእኔ ብቻ ናት! ስንት ዓመት በማይገባው ነገር ተካፈለኝ፤ ለካ ትክክለኛው ልጅ እኔ ነኝ እያልኩ ወንበሬ ላይ ተመቻቸሁ። ጎኔ ያለችው ሴትዮ ፈገግታዬን አይታ ፈገግ አለችልኝ። ትንሽ ቆይቶ ደስታው ነጠፈና ረዳቱን መስኮት አስከፈትኩት።

በዚያው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ እማ ቤት ደረስኩ።

"ሰርቦ ሄጄ ነበር። ነገሩኝ" አልኳት።

እማ ምኑን ብላ አልጠየቀችኝም። የተቀመጠችበትን ምንጣፍ ጫፍ ስታስተካክል ቆየችና ጀመረች።

"ያኔ እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ባሌ ተኮሰ፣ ወንዶች ተቀመጡ፣ ወንዶች ፈረዱ። ልጁን አምጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡት። ገና ሥጋው ቀይ ነው። አንቺ ጡት አልጣልሽም ነበር፤ ለጎረቤት ሰጥቼሽ እሱን አጠባሁት። በር ላይ ሆነሽ ትጮሂ ነበር።"

"እሺ፣ ከዚያስ?"

"ከዚያማ ፊቱን ማየት አቃተኝ። እሱን ሳይ ያ ሰውዬ ይታየኛል። ግድግዳ ግድግዳ እያየሁ ነበር የማጠባው። ስላልቻልኩ ኮበለልኩ፣ አባቴ መለሱኝ። ስመለስ ልጁ ሲያለቅስ ደረስኩ። የሁሉንም እቅፍ እምቢ ብሎ ነበር። እኔን ሲያይ ዝም አለ። ከዚያ ወዲያ ልጄ ነው። በቃ።"

"ለእሱ ለምን ነገርሽው?"

"መች ነገርኩት? ሥራ ቦታው አንድ ሽማግሌ ሊመሰክር ገብቶ የእሱን ፊት ሲያይ ደነገጠ፤ ቁርጥ አባቱን ነው አለ። መርማሪ አይደል፣ ፈልፍሎ ደረሰበት። መጥቶ እዚሁ አንቺ ያለሽበት ተቀመጠና 'እማ፣ እውነት ነው?' አለኝ። ካወቀ በኋላ ምን ልደብቀው? ያልጠየቀኝንም ሁሉ አወራሁት።"

"ለእኔስ? እኔስ ምን በድዬሽ ነው?"

እማ ቀና ብላ አየችኝ። "አፍሽን አውቀዋለኋ" አለች። "ብታውቂ ኖሮ ትንሽ ስትጣሉ ባዳ ትዪው ነበር። ካንቺ ነገር የደበቅኩ እንዳይመስልሽ። እሱን ነው ካንቺ የደበቅኩት።"

ከመጽሐፉም፣ ከሸራውም፣ ከአዳራሹ ጭብጨባም በላይ ያን ጊዜ ቀናሁ። እኔን ወለደችኝ፣ ወደደችኝ፤ ይኼ የማንም እናት ሥራ ነው። እሱን ግን ጠልታው፣ ሸሽታው፣ ተመልሳ ነው የወደደችው። ለእኔ እንዲህ ያለ ነገር አድርጋ አታውቅም፤ ማድረግም አላስፈለጋትም። ጎረቤት እጅ ላይ ሆኜ ስጮህ ያ ጩኸት ማንንም አልመለሰም።

ልወጣ ስል "ጁምዓ ምን እንደምትዪ አላውቅም" አለችኝ። "አልለምንሽም። ሲሰጡኝ ዝም አልኩ፤ ሲቀሙኝ ግን ዝም አልልም። እኔም እመጣለሁ።"

ሐሙስ ዕለት ወንድሜ ደወለ። "ሀጂ ጠሩኝ። ከሳሿ አንቺ ነሽ አሉኝ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"እሺ" አለ።

እሺ ብቻ። ቢጮህብኝ፣ ቢሰድበኝ ምን ነበረበት? የምመልሰው ተዘጋጅቶ ነበር። ያቺ ቃል፣ ባዳ የምትለዋ፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ቁጭ ብላለች። "ሌላ ነገር አለህ?" አልኩት። "የለኝም። ጉንፋኑ ለቀቀሽ?" አለኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ጉንፋኔን ማን ነገረው? እማ ናታ!

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሀጂ ግቢ ተሰበሰብን። ሽማግሌዎቹ በአንድ ወገን፣ የሟቹ ወንድም የሆኑ አንድ አዛውንት ከሩቅ መጥተው በሌላ ወገን ተቀምጠዋል። እንዲህ ያለው ሸንጎ ላይ ሴት አትቀመጥም፤ እኔ ከሳሽ ስለሆንኩ ተፈቀደልኝ። እማ ማንንም ሳታስፈቅድ በርጩማ ስባ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። የደፈረ ይናገራት።

ወንድሜ የፖሊስ ልብሱን አልለበሰም። የሽማግሌዎቹን እጅ ሳመ፤ አጎቱን ሳመ፤ ወደ እኔ ሲደርስ እንደ ወትሮው "እንዴት ነሽ ቲቸር" አለኝ። ፊቱን አየሁት። ይኼ አፍንጫ የማን ነው፣ ይኼ ግንባር የማን ነው እያልኩ ስፈልግ ራሴን ያዝኩና ዓይኔን መለስኩ። የማውቀው አፍንጫ ነው። በልጅነቱ ሲደማ የያዝኩለት አፍንጫ ነው።

ሀጂ ዱዓ አደረጉና "ልጄ፣ ጉማ የወጣበትን ደም አንስተሃል ወይ?" ብለው ጠየቁት።

"ሀጂ፣ የጻፍኩት ልብ ወለድ ነው" አለ። "ግን ሰው ሲጽፍ ምን እንዳነሳ ራሱ ላያውቀው ይችላል። እህቴ አንብባዋለች። እዚህ ካለነው ሁሉ ይበልጥ አማርኛ የምታውቀው እሷ ናት። አንስቷል ካለች አንስቻለሁ።"

ይኼ ሰይጣን! በምርመራ ዘመኑ ስንቱን በዚህ ዘዴ እንዳናዘዘ ገባኝ። ሁሉም ዞረው እኔን ያያሉ፤ ከእማ በቀር። እማ የምታየው እሱን ነው።

አንዲት "አዎ" ትበቃ ነበር። ውሸትም አይሆንብኝም፤ መጽሐፉ ደሙን አንስቷል፣ ገጹን ገልጬ ማሳየት እችላለሁ። "አዎ" ብል ለኢድ የምትጠብቀው እኔን ብቻ ነው። ስታረጅም፣ ስትታመምም፣ ስትሄድም የእኔ ብቻ ናት። ያቺ "አዎ" አፌ ድረስ መጥታለች። ወንድሜን አየሁት። ፀጉሩ ሸብቷል፤ የጃኬቱን ጫፍ በጣቶቹ ይጠቀልላል፣ ይፈታል። በዚህ ዕድሜው እናት ይኑረው አይኑረው ከእኔ አፍ ይጠብቃል።

"አላነሳም" አልኩ።

"አላነሳም?" አሉ ሀጂ።

"መርማሪው ይጠይቃል እንጂ መልስ አያገኝም። መጨረሻ ላይ ጥያቄውን ትቶ አሮጊቷ ቤት ይገባል፣ እራት ይበላል፣ አለቀ። እኔ እንዲያውም ደካማ መጨረሻ ነው ብዬ በቀይ ጽፌበታለሁ።"

"ደካማ?" አለ ወንድሜ ቀና ብሎ።

"አንተ ዝም በል።"

"ቆይ፣ ቆይ" አሉ ሀጂ። "ካላነሳ ባለፈው እዚህ መጥተሽ ሀገር ያናወጥሽው ለምንድን ነው? ሰው ያለ ምክንያት ወንድሙን ሽማግሌ ፊት አያቆምም።"

እዚህ ላይ ተያዝኩ። የአባት ክብር ነው ልል ነበር፤ የአባት ክብር ካልኩ አባቴ ተነክቷል ማለት ነው፣ ተነክቷል ካልኩ ደሙ ተነስቷል ማለት ነው። የቀረኝ እውነቱ ብቻ ነው።

"ቀንቼ ነው" አልኩ።

"ሂናፋ?" አሉ ሀጂ፣ ጆሯቸውን ማመን አቅቷቸው በኦሮምኛ።

"አዎ፣ ሂናፋ! ቅናት!"

"በምኑ?"

"በምኑ ያልቀናሁት አለ? በመጽሐፉ ቀናሁ። ሲመጣ እማ ፊቷ በመብራቱ ቀናሁ። ለእኔ ያላወራችውን ለእሱ በማውራቷ ቀናሁ። በጠባው ጡት ሳይቀር ቀናሁ ሀጂ፣ በዚህ ዕድሜዬ! የሰው ልጅ መጽሐፍ ቢጽፍ፣ ሚኒስትር ቢሆን ምን ገዶኝ? ባዳ ቢሆን ኖሮ አጨብጭቤ ቤቴ ገብቼ እተኛ ነበር። በባዳ እንዲህ ይቃጠላሉ እንዴ? እንዲህ የሚቃጠሉት በወንድም ነው!"

መጨረሻው ላይ ድምፄ ተሰነጠቀ። ዶሮዎቹ የተሰጣው ቡና ላይ ወጥተው ሲጭሩ የሚከለክላቸው ጠፋ። ከዚያ የሟቹ ወንድም፣ እኚያ ከሩቅ የመጡት አዛውንት፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ፤ እየሳቁ ነው።

"ሀጂ፣ እኔ ሌላ ምስክር አልፈልግም" አሉ ዓይናቸውን በጋቢያቸው እየጠረጉ። "እህቱ ናት።"

ሀጂ እጃቸውን ዘረጉ፤ ቃሉ ባለበት ጸና ብለው ዱዓ አደረጉ። ሁላችንም አሚን አልን። እማ አሚን ስትል ድምጿ ከወንዶቹ ሁሉ በላይ ተሰማ። ወንድሜ ወደ እኔ መጥቶ የሚለው ጠፍቶት ቆመ። መጽሐፍ የጻፈ ሰው!

ስንመለስ ሦስታችን በአንድ ሚኒባስ ተሳፈርን፤ እማ መሃላችን ተቀመጠች። ከሰርቦ ሳንወጣ እንቅልፍ ወሰዳት። ራሷ ዘንበል፣ ዘንበል አለና የእሱ ትከሻ ላይ ዐረፈ። በእኔም በኩል እኮ ትከሻ አለ። አየሁና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ትንሽ እንደሄድን በሹክሹክታ ጠራኝ። "ክንዴ ደነዘዘ። ቀስ ብለሽ ወደ አንቺ አዙሪልኝ።"

"ይበልህ" አልኩት። "ልጇ አይደለህ? ቻላት።"